በሟች ስልክ የተመዘገበ ቤት

ሰዓቱ ማታ አስራ ሁለት ከሩብ ነው። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨለማው ግን ገና አልሞላም። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ቁመቱ ይታያል፣ ፊቱ አይታይም። እንደዚያ ያለ ሰዓት ነው።

መንገዱ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደኛ ቤት የሚያስገባው መንገድ ነው። ያኔ የምንኖረው ሌላ ቦታ ነው፣ አዲስ ሰፈር፣ ስሙ ይቅር። በግራ በኩል ተጀምረው የቀሩ ቤቶች አሉ፣ መሠረታቸው ብቻ ወጥቶ ሣር የበቀለባቸው። በቀኝ ቁልቋል ነው። መሀል ላይ ወንዝ አለ፣ በላዩ የእንጨት ድልድይ። ሰው አይኖርበትም። ውሻ እንኳን እዚያ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል ይሄዳል። ብቻውን ነው። የመሣሪያ ቦርሳው ጀርባው ላይ ነው። ከየት ነው የሚመጣው? ከእኔ ቤት። ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ሚስቱ። ደረሰ? አልደረሰም።

ይህ ሰው ገረመው ይባላል። ካሜራ ገጣሚ ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ስለሱ ነው። ዝናሽ፣ አትሳቂ። ጎረቤቴ ስለሆንሽ አልተውሽም። ሲያልቅ ትስቂያለሽ።

መጀመሪያ ካሜራው ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ። ባሌን ዳምጠውን ታውቁታላችሁ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ ነው የሚመላለሰው። በወር ሁለቴ ቤቱ ቢያድር ነው። እኔ ደግሞ አንድ ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። ልጄ ረድኤት ሦስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ስወጣ እማማ ወለቱ የሚባሉ ጎረቤት እኛ ቤት መጥተው አብረዋት ይውላሉ። እማማ ወለቱ ደግ ናቸው። ግን ጆሯቸው ደካማ ነው። ምሳ ከበሉ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላቸዋል።

አንድ ቀን እሳቸው ተኝተው ሌባ ግቢ ገባ። ከገመድ ላይ ልብስ ለቃቅሞ ወጣ። ልጄ ደጅ ላይ ትጫወት ነበር። ሌባው በእሷ አጠገብ ነው ያለፈው። እስኪ አስቡት። ልብሱን ወሰደ፣ እሷን ተዋት። እሷን ቢወስድስ ማን ያየዋል?

ዳምጠው ይህን ሲሰማ አበደ። «ልጄን እናቴ ጋ እወስዳታለሁ» አለ። እናቱ ገጠር ናቸው። ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

«ሥራ ልተው» አልኩት።

«ሥራ ትተሽ እንዴት ልንኖር ነው?»

«እሺ ምን ይሁን?»

ለመንኩት። አለቀስኩ። በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፤ «ካሜራ ይገጠም። መንገድም ላይ ሆኜ ልጄን በስልኬ ልያት። ሦስት ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ። እስከዚያ ካላየኋት ይዣት ነው የምሄደው።»

ይህን ያዙልኝ። ካሜራው በስልክ ከታየ ልጄ እኔ ጋ ትሆናለች። ካልታየ ትሄዳለች። ከዚህ ሌላ ነገር የለም።

ገረመው መጣ። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠራ። ሁለት ካሜራ ውጭ፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ደጅ በሩ ላይ። የደጁ ካሜራ አንገት አለው፣ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ገመዳቸውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ከተተው። ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘው። አራት ካሬ ወጣ። በአራቱም ካሬ ቤቴ ይታያል።

«ይሄ ሳጥን ካሜራዎቹ ያዩትን ይቀርፃል» አለኝ። «አሁን ከራውተሩ ጋር እናገናኘዋለን። ራውተሩ ወደ ስልካችሁ ይልከዋል። በቃ።»

ግን መሸ። የኔ ስልክ ባትሪው አልቋል። እሱ ደግሞ የራሱን ስልክ አወጣ። ሳጥኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ካሬ ምልክት ተለጥፏል፣ እሱን በስልኩ ፎቶ እንደማንሳት አደረገና «ይኸው በኔ ስልክ ከፈተ» አለ።

«እና የኔስ?»

«ለሙከራ ነው በኔ ስም ያስገባሁት። ነገ በጠዋት መጥቼ ወደ አንቺ አዛውረዋለሁ።»

«ዛሬ ብትጨርሰውስ ወንድሜ?»

«እህቴ፣ መሽቷል። ሚስቴ ትጠብቀኛለች። ነገ አምስት ደቂቃ ነው።»

አምስት ደቂቃ። ያን ጊዜ ረድኤት አለቀሰችብኝ፣ እሷን ላነሳ ገባሁ፣ እሱ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ።

ያን ዕለት ከላይ በኩል ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቷል። የድልድዩ እንጨት ያንሸራትታል። ሞተሩ ጠዋት ወንዝ ዳር ተገኘ። እሱ ከታች፣ ድንጋይ መሀል። ቦርሳው ተገኘ። ስልኩ አልተገኘም።

ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። አልቅሻለሁ። ውስጤ ግን ምን ይላል? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ውስጤ «አምስት ደቂቃ» ይላል።

እንግዲህ ሌላ ሰው ፈለግሁ። ሀብቴ የሚባል ገጣሚ አገኘሁ። አፉ ጥሩ ነው። ገና በሩ ላይ እንዳለ «ቀላል ነው» አለኝ። ካሜራ ገጣሚ ቀላል ነው ካላችሁ ፍሩ። ስሙኝ፣ ፍሩ።

የመጀመሪያ ቀን ሳጥኑን ከራውተሩ የሚያገናኘው ገመድ በአንድ ክንድ አጠረ። ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ልናስጠጋው ስንል የካሜራዎቹ ገመድ አጠረ። «ገመድ ገዝቼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። መቼ መጣ? በአራተኛው ቀን። እደውላለሁ፣ «መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል። የቱ መንገድ ነው አራት ቀን የሚፈጀው? ጅቡቲ እንኳን ደርሶ መልስ ነው።

ሲመጣ ገመዱን ሰካ። አልሠራም። አየው፣ አየውና ሳቀ።

«ራውተሩና ሳጥኑ ቀበሌያቸው ይለያያል» አለኝ።

«የምን ቀበሌ?»

«ቁጥር አላቸው። ራውተሩ ሁሉንም በቀበሌ ዜሮ ነው የሚያውቀው። ሳጥኑ ደግሞ ቀበሌ አንድ ነኝ ይላል። ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም።»

«እና አስተዋውቃቸዋ።»

ቁጥሩን ቀየረ። አዲሱን ቁጥር ጻፊው አለኝ። ወረቀት አጣሁ፣ በረድኤት የክትባት ካርድ ጀርባ ጻፍኩት። እኔ ቁጥርና አማርኛ እጽፋለሁ፣ እንግሊዝኛውን ግን ፊደሉን እንደ ሥዕል ነው የምገለብጠው። አንድ ዘጠኝ ሁለት፣ ነጥብ፣ እያለ ይጠራልኛል። ልጄ ኩፍኝ በተከተበችበት ቀን ጀርባ የራውተር ቁጥር አለ። እስካሁንም አለ።

አረንጓዴ መብራት በራ። ደስ አለኝ። ስልኬን ሰጠሁት፣ ያን ነጠብጣብ ካሬ አነሳው። ስልኬ ትንሽ አሰበና ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን ይላል?»

«ይህ መሣሪያ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል ይላል።»

«በማን?»

መጨረሻው ሁለት ቁጥር ብቻ ይታያል፣ የቀረው ኮከብ ነው። አርባ ሰባት። የገረመው ስልክ በስንት ነው የሚያልቀው? ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፣ ገብቷችኋል።

ሀብቴ «ቀላል ነው» አለ። በመርፌ ሳጥኑን ከኋላ ወጋው፣ ሁሉንም አጠፋው። ቀበሌው ጠፋ፣ ቁጥሩ ጠፋ፣ ሰዓቱ እንኳ ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው ሠራው። እንደገና ያን ቀይ ጽሑፍ አወጣ።

«ካጠፋኸው ስሙ ለምን አልጠፋም?»

«ስሙ ሳጥኑ ውስጥ አይደለማ። ስሙ የተቀመጠው ሩቅ አገር ነው፣ ካምፓኒው ጋ።»

ሳጥኑ የተገዛበት ሱቅ ደወልን። አንዲት ልጅ አነሳች። ድምጿ ጥሩ ነው።

«የተመዘገበበት ሰው ራሱ ይልቀቀው እህቴ።»

«ሞቷል።»

«ራሱ ካልሆነ አንችልም እኮ።»

«ሞቷል እያልኩሽ ነው። በምን ይምጣ?»

«እንግዲያው ስልኩን የያዘ ሰው ይፈለግ። ወደ ስልኩ የሚስጥር ቁጥር ይላካል። ቁጥሩ ከተነገረን እናነሳዋለን።»

ያን ጊዜ ሀብቴ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግቷል። «ቀላል ነው» አላለም። በጣቱ አሳየኝ። በአራቱ ካሬ ጥግ ላይ ትንሽ የዓይን ሥዕል አለች፣ በአጠገቧ አንድ ቁጥር። «አንድ» ይላል።

«ምንድነው እሱ?»

«አሁን በስልክ እያየ ያለ ሰው ብዛት ነው።»

«የኔ እኮ አልገባም።»

«አውቃለሁ።»

«የዳምጠውም አልገባም።»

«አውቃለሁ ስመኝ።»

እና ማነው የሚያየው? ዝናሽ፣ አንቺ ንገሪኛ። ማነው?

እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? ሚስቱ ናት አልኩ። ስልኩን አግኝታ ደብቃለች፣ ቤቴን ታያለች አልኩ። ተናደድኩ። ለቀስተኛ መስዬ ሄድኩ። ሚስቱ ትርንጎ ትባላለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች። ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ ጠየቅኋት።

«ስልኩ የት ነው ትርንጎ?»

«ወንዙ በላው።»

«ሲሙንስ አላወጣሽም?»

«የወራሽነት ወረቀት አምጪ ተባልኩ። ፍርድ ቤቱ ለሁለት ወር ቀጠረኝ። ምነው?»

ነገርኳት። ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። አንድ ነገር ጨመርኩላት፤ የደጁ ካሜራ ማታ ማታ ብቻውን ይዞራል። ማንም ሳይነካው። ወደ ድልድዩ ዞሮ ይቆምና ቀስ ብሎ ወደ ቤቴ ይመለሳል። እኔ ተበላሽቶ ነው ብዬ ነበር።

«በስንት ሰዓት ነው?»

«አስራ ሁለት ከሩብ ገደማ።»

ትርንጎ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «ያን ዕለት ድልድዩ ጋ ሲደርስ ደውሎልኛል» አለች። «የሴትዮዋን ሥራ ሳልጨርስ መጣሁ፣ ከነከነኝ፣ ልመለስ ይሆን አለኝ። እኔ ነኝ ና ያልኩት።»

ልነሳ አልኩ።

«እሱ እንደዚያ ነው» አለች። «የሰው አደራ ካለበት እንቅልፍ የለውም ነበር። አልጋ ላይ ይገላበጣል። ጨርሶ ሲመጣ ነው የሚበላው።»

ወጣሁ። በዚያ መንገድ ብቻዬን ተመለስኩ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ሮጥኩ።

ዳምጠው በየማታው ይደውላል። ከሰመራ ይደውላል፣ ከጋላፊ ይደውላል። የሚጠይቀው አንድ ነው። «ገባ?»

«አልገባም።»

«ሳጥን ከስልክ ጋር ማገናኘት ስንት ቀን ነው የሚፈጀው? የሰው ሁሉ ቤት ይሠራል፣ ያንቺ ብቻ ነው የማይሠራው?»

«በሞተ ሰው ስም ነው አልኩህ እኮ።»

«ስመኝ፣ ልጅቷን ላለመስጠት ሰበብ አትፍጠሪ። ቅዳሜ እደርሳለሁ። ልብሷን አዘጋጂ።»

ይህን ያለኝ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ማታ። ስልኩን ዘጋሁና ደጅ ወጣሁ። ሰዓቱን አላየሁም። ካሜራው ግን አየኝ። ጥሪጥሪጥ እያለ ከድልድዩ ወደ እኔ ዞረ። ፊት ለፊቴ ቆመ። ቀይ መብራቱ ትበራለች።

እናንተ ብትሆኑ ትሸሻላችሁ። እኔም በሌላ ቀን እሸሽ ነበር። ያን ቀን ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በልጧል። ሰው ሲመረው ሞትም አያስፈራውም።

«ገረመው» አልኩት። «አንተ ነህ አይደል? አምስት ደቂቃ ብለኸኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። እኔ ልጄን ማየት አቅቶኝ አንተ ታያታለህ። ለምን ይሆንሃል? እሺ፣ ካየሃት አይቀር ጠብቃት። ቀን ቀን እኔ የለሁም። አባቷ የለም። እማማ ወለቱ ይተኛሉ። አንተ ዓይንህ አይከደንም፣ አንተ ጠብቃት። ልጄን አደራ ሰጥቼሃለሁ። ብቻ ልቀቅልኝ፣ እኔም ልያት።»

እንዲህ አልኩ። በንዴት ነው። አፌ ነው የተናገረው።

ካሜራው ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣ። አንዴ። ልክ ሰው እሺ ሲል እንደሚያደርገው።

ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ረድኤትን አቅፌ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።

አርብ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ለሀብቴ ደወልኩ፣ እሱ በስልክ እየነገረኝ እኔ ነጠብጣቡን ካሬ አነሳሁት። ቀይ ጽሑፍ የለም። አረንጓዴ ወጣ። «ያንን ንኪ» አለኝ፣ ነካሁ። አራቱ ካሬ ስልኬ ላይ መጣ። ቤቴ። ልጄ ሳሎን ውስጥ ጫማዋን በተቃራኒ አድርጋ ትሄዳለች። ለዳምጠውም ላክሁለት፣ የሱም ከፈተ።

«ማን ለቀቀው?» ይላል ሀብቴ። «ሱቁ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። ደስታዬ በዛና መጠየቅ አልፈለግሁም። ልጄ ቀረችልኝ። ሌላውን ምን አደርገዋለሁ?

በምሳ ሰዓት ክሊኒኩ ጓሮ አንሶላ አስጥቼ ተቀመጥኩ። ስልኬን አወጣሁ። የኔ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ አራቱ ካሬ ጥፍር ጥፍር ያክላል። ያው ልጄ ትታያለች። ትበላለች። ሆዴ ሞላ። ዳምጠው ደወለ። ድምፁ ሌላ ሰው ሆኗል፣ ይስቃል።

«አየኋት እኮ ስሙዬ። እንዴት አድጋለች። በቃ፣ ከአንቺ ጋር ትሁን።»

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው። ነገ ስመጣ አንድ ነገር ይዤላችሁ እመጣለሁ።» ከዚያ «ሰውዬው ግን ማነው?» አለኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«የሚያጎርሳት። ወንድምሽ መጥቶ ነው?»

«እማማ ወለቱ ናቸው።»

«እሳቸውማ ሶፋው ላይ ተኝተዋል። ይታዩኛል። በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ነው የምልሽ። ሦስተኛውን ካሬ ንኪው፣ ይተልቃል።»

ነካሁት። ካሬው ጠቆረና መሀሉ ላይ ያቺ ክብ መጣች። የምትዞረዋ። ኔትወርክ ሲደክም የምትመጣዋ። ዞረች። ዞረች። ታውቋታላችሁ። ስንቱን ቀን ስትዞርብኝ ከርማለች፣ ያን ጊዜ እንደዞረችብኝ ግን ዞራብኝ አታውቅም። «አየሽው?» ይላል ዳምጠው። «አየሽው?» ትዞራለች። «ስመኝ፣ ማነው?» ትዞራለች።

ከፈተ።

ጀርባው ነው የሚታየው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው። ሸሚዙ ርሶ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። በርጩማው ሥር ውኃ ተኝቷል። እጁን ቀስ አድርጎ ወደ ልጄ አፍ ይሰዳል። ልጄ አፏን ትከፍታለች። ታኝካለች። ቀና ብላ ፊቱን እያየች ትስቃለች።

አንሶላውን ጥዬ ሮጥኩ። ባጃጅ ያዝኩ፣ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ጣለኝ፣ ያን መንገድ በእግሬ በረርኩ። ቁልቋሉ ልብሴን ቀደደው። ድልድዩን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። በሩ ተቆልፏል፣ ከውስጥ። ደበደብኩ። እማማ ወለቱ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ከፈቱልኝ።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ማን ሞተ?»

ገፍቻቸው ገባሁ። ረድኤት ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሳህኑ ባዶ ነው። አፏ ተጠርጓል። በርጩማውን ዳሰስኩት። እርጥብ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ የወንዝ ውኃ እንደሚቀዘቅዘው።

«ማን አጎረሰሽ?» አልኳት።

«ጋሼ።»

«የት ሄደ?»

ልጄ ጣቷን አነሳችና ሳሎን ያለውን ካሜራ አሳየችኝ።

ቅዳሜ ዳምጠው ደረሰ። ለልጅቷ የያዘው ኳስ በእጁ ነው፣ ፊቱ ግን ጥቁር ብሏል። ስልኩን ከፍቶ አቀበለኝ። ያ ጀርባ።

«ማነው?»

«ገረመው ነው።»

«ገረመው ማነው?»

«ካሜራውን የገጠመው።»

«ሞቷል ብለሽኝ አልነበረም?»

«ሞቷል።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደ። «ስመኝ» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ውሸት እንኳ ቢሆን ሰው የሚያምነው ውሸት ይዋሻል።»

እስኪ ፍረዱኝ። ምን ልበል? ሦስት ሳምንት የለፋሁት ልጄን ላለማጣት ነው። ገመድ አጠረ፣ ታገስኩ። ቀበሌው ተለያየ፣ ታገስኩ። ስሙ የሞተ ሰው ነው ተባልኩ፣ ታገስኩ። አሁን ሁሉም ሠርቶ፣ ጥርት ብሎ ሠርቶ፣ በዚያው በሠራው ነገር ዳምጠው ልጄን እናቱ ጋ ወሰዳት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልከለከልኩትም። ልብሷን በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። ከዚያ ቤት ትውጣ ብዬ። እዚያ ገጠር መብራት የለም፣ ካሜራ የለም፣ ኔትወርክ የለም። በምን ያገኛታል? ብዬ።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን እከፍታለሁ። ኔትወርኩ ፈጣን ሆኗል። ክቧ አንዴም አትዞርም። አራት ካሬ ይመጣል። አራቱም ባዶ ነው። ልጅ የለም። ሰውዬውም የለም። የዓይኗ ሥዕል አጠገብ ያለው ቁጥር አንድ ይላል። ያቺ አንድ እኔው ነኝ።

አስራ ሁለት ቀን ሆነ። በአስራ ሦስተኛው ቀን አማቴ ደወሉ። እሳቸው ለመደወል ጋራ መውጣት አለባቸው፣ ስለዚህ ያለ ነገር አይደውሉም። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ጠየቅኋቸው።

«ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት ልጄ፣ አትደንግጪ። ትበላለች፣ ትጫወታለች። ለሌላ ነው የደወልኩት። ያ የላካችሁት ሰውዬ ግን ለምን አይገባም?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ማታ ማታ ከአጥሩ ውጭ የሚቆመው ነዋ። ስንት ጊዜ ግባ አልኩት፣ ቤት ለእንግዳ ነው አልኩት፣ እምቢ አለኝ። ልብሱ ደግሞ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እዚህ ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፣ የት እንደሚረጥብ እንጃ። ብርድ ይገድልሃል አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ሳቀ። ደህና ነኝ እማማ፣ የልጅቷ አደራ ስላለብኝ ነው አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።»

ለዳምጠው ደወልኩና እናትህን ጠይቅ አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። በማግሥቱ መልሶ ሲደውል ድምፁ የሱ አይመስልም። «ስመኝ፣ ወንድ ቤቴ አስገብተሽ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ባል ለሚስቱ እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያው ሳምንት ልጄን መለሰልኝ። ያን ሰፈርም ለቀን ወደዚህ መጣን። ካሜራውን ግን ይዤው መጣሁ። ብዙዎቻችሁ ለምን አትጥይውም ትሉኝ ይሆናል። ልጥለው ነበር። መጀመሪያ ግን ፊቱ ቆሜ «አደራዬን መልሼ ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ሂድ» አልኩት። ካሜራው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ እንደገና ወደ ግራ ዞረ። እምቢ ማለት ነው። የሕፃን አደራ ሕፃኗ እስክታድግ ነው፣ እኔ በንዴት ስሰጠው ይህን አላሰብኩም።

እና ለመድኩት። ሰው ምን የማይለምደው አለ? ክፉ አላደረገብንም። ማታ ልተኛ ስል ቴሌቪዥኑን እከፍታለሁ። ሦስተኛው ካሬ ላይ፣ በርጩማው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ዞር ብዬ በርጩማውን በዓይኔ ሳየው ባዶ ነው። ካሬው ላይ ግን አለ። እዚያ ካየሁት ሌላ ቦታ የለም ማለት ነው። ከኋላዬ የለም፣ አልጋዬ አጠገብ የለም። ስለዚህ እተኛለሁ።

ስለዚህ እኔ ዘንድ የቀረው ፍርሃት አንድ ነው። መብራት ሲሄድ ሳጥኑ ይጠፋል። ሳጥኑ ከጠፋ የት እንደተቀመጠ አላውቅም።

ዛሬ መብራቱ ከሄደ ስንት ሰዓት ሆነው? ሁለት ሰዓት ሞላው?

ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ። ዝናሽ፣ አንቺ ማዶ ነሽ፣ ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ካየሽም አሳድሪው እንጂ አትልቀቂው። ለማታዪው ሰው ደግሞ፣ ቢመርሽም ቢነድሽም፣ አደራ አትስጪ።

ቆይ። እስኪ ዝም በሉ።

ረድኤት ይኸው ጭኔ ላይ ናት፣ ወሬውን ሳልጀምር ነው የተኛችው። ዓይኗ ተከድኗል አይደል? ሻማውን አስጠጊና እዪልኝ ዝናሽ።

ታዲያ ምንድነው የምታኝከው?